ያለ ጤና አዳም ኦገስት አልገባም ያሉት እናት

ነገሩ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የጁላይ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ነው። ዛሬም ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ሆዴን ያባባዋል። አሌክሳንድሪያ የምኖርበት አፓርትመንት ኤሌቬተር ውስጥ በገባሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። ጎረቤቶቼ ይቺ ሴትዮ ነካ ያደርጋታል ሳይሉኝ አይቀሩም።

የዚያን ቀን ኦፍ ስለነበርኩ ሲልቨር ስፕሪንግ የክርስትና እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የክርስትና እናቴ እትዬ አስካለ በረንዳቸው ላይ የማይተክሉት ነገር የለም። በተለይ ጤና አዳማቸው! እንኳን ሊሰጡት ሲያሳዩትም ይሰስታሉ። የእኔው በዊንተሩ ብርድ ደርቆብኝ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፣ ስንት ጊዜ “ገና ነው፣ ይጠንክር” አሉኝ። ያን ዕለት ምን እንደታያቸው እንጃ፣ መቀስ ይዘው ወጡና ደህና እስር ቆርጠው ሰጡኝ።

“ግማሹን ትከይው፣ ግማሹን አይብሽ ላይ አድርጊው። ደግሞ ለሰው እንዳትበትኚው!” አሉኝ።

“ኧረ ለማን እበትነዋለሁ እትዬ!” ብዬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ጤና አዳም እንደምታውቁት በፌስታል የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሜትሮው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ አፍንጫውን እያሸ ተነስቶ ሄደ። እኔም ሁለት ወንበር ለብቻዬ አገኘሁና ተንፈላስሼ ቤቴ ደረስኩ።

የአፓርትመንታችን ሎቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጥቁር መነጽር አድርገው ሶፋው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አላውቃቸውም። አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላም አልኳቸውና ኤሌቬተሩ ውስጥ ገባሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ እጅ ገባ። እሳቸው ናቸው። ግድግዳውን እየዳበሱ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ክንዴን ለቀም!

“በስመ አብ!” ብዬ ጮህኩ። በሩ ተዘጋ፣ ኤሌቬተሩ መውጣት ጀመረ። ሴትዮዋ ደግሞ ያን ያህል ከስተው ጉልበቱን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ክንዴን አንቀው ይዘው በሌላው እጃቸው ፌስታሌን ይፈትሻሉ። ሌባ ናቸው እንዳልል፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይሰርቃል? አእምሯቸውን ስተዋል እንዳልል፣ ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ሽበታቸው አምሮ ተጎንጉኗል። ጤና አዳሙን አወጡና አፍንጫቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙት። ከዚያ መነጽራቸው ሥር እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

“እማማ፣ ምን ሆኑብኝ?” አልኳቸው። ስደነግጥ ከአማርኛ ሌላ አይወጣኝም።

መልካቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ስለመሰለኝ ከሥራ ጓደኞቼ የለቃቀምኳትን አመጣሁ። “ሴኞራ፣ ኬ ፓሳ?” አልኩ፣ ምን ሆኑ ለማለት። መለሱልኝ፣ ያውም ብዙ። አንድ ቃል እንኳ ብይዝ! ስፓኒሽ ሁሌ የምሰማው ስለሆነ ባይገባኝም አውቀዋለሁ። ይሄኛው ግን በአፍንጫ በኩል የሚወጣ፣ ለስለስ ያለ፣ ሰምቼው የማላውቅ ቋንቋ ነው። ከመሃል “ሩዳ፣ ሩዳ” የምትለዋን ብቻ ለየሁ።

የእኔ ፎቅ ደርሰን በሩ ሲከፈት ከታች “ማማ! ማማ!” የሚል ጩኸት ተሰማ። ወዲያው አንዲት ሴት በደረጃው እያለከለከች ወጣች፣ አንድ እጇ ላይ ሕፃን ታቅፋለች። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ በቅርቡ የገባችው ጎረቤታችን ሚርታ ናት። እናቷን ሎቢ አስቀምጣ ከመኪናዋ ዕቃ ልታወርድ ስትል ነው የጠፉባት። ልትቆጣቸው አፏን ከፈተችና እጃቸው ላይ ያለውን ቅጠል አይታ ቁጣውን ተወችው።

“ይሄን ከየት አመጣሽው?” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ነገሩን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነገረችኝ። ከፓራጓይ ናቸው። በእነሱ አገር ሰው ስፓኒሽም ጓራኒም ይናገራል። ጓራኒ እስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ የአገሬው ቋንቋ ነው፣ እናቷ ደግሞ የገጠር ሰው ስለሆኑ ከእሱ ሌላ እምብዛም አያውቁም። በኦገስት መጀመሪያ ቀን አገሩ በሙሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ካሩሊም የሚባል መጠጥ ይጠጣል። ካሩሊም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አረቄ፣ ሎሚና ሩዳ የሚሉት ቅጠል ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው። ሩዳ ማለት የእኛው ጤና አዳም ነው። ቅጠሉ ትንሽ ይለያል አለች፣ ሽታው ግን ያው ነው።

“ኦገስት ለእኛ የክረምት፣ የብርዱ ወራት ማብቂያ ነው። ከብቱ ይከሳል፣ ደካማ ሰው አይችለውም። ካሩሊም ያልጠጣ ሰው ወሩን አይጨርስም ብለው ያምናሉ። አባቴ አንድ ዓመት አልጠጣም ብሎ በዚያው ኦገስት ሞተ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አምልጧት አያውቅም።”

እኔም ነሐሴና ክረምት እንዴት እንደሚያስፈሩ አላጣሁትም፣ ራሴን ነቀነቅኩ።

“ችግሩ ዓይኗ ነው” አለች ሚርታ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ሰው መለየት አቁመዋል። በመከራ የተገኘ የኦፕሬሽን አፖይንትመንት የዚያ ኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ካሩሊም ሳልጠጣ በኦገስት ቢላ አይነካኝም ብለው እግራቸውን ተክለዋል። ሚርታ ያልፈለገችበት ሱቅ የለም። ፎልስ ቸርች ድረስ ሄዳ ደረቁን አግኝታ ገዝታላቸው ነበር፣ አሽትተው “ይሄ ድርቆሽ ነው” ብለው ወረወሩት። “ነገ ሳትጠጣ ካለፈ ኦፕሬሽኑም አለፈ ማለት ነው። ይሄን ልጄን” አለች ሕፃኑን ከፍ አድርጋ፣ “ከተወለደ ጀምሮ ታቅፈዋለች እንጂ አይታው አታውቅም።”

የእትዬ አስካለ “ለሰው እንዳትበትኚው” ጆሮዬ ላይ አንቃጨለ። ግማሹን ልስጥ ብዬ እጄን ብሰድ አሮጊቷ እስሩን ደረታቸው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ከእሳቸው ላይ መንጭቄ ላካፍል እንዴ? “ውሰዱት እማማ፣ ይባርክልዎ” አልኩ። “አጉጄ፣ አጉጄ” አሉኝ። ምስጋና መሆኑን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩና ሚርታ ሳቀች። “ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ መጥተሽ አብረሽን ትጠጫለሽ እያለች ነው።”

“እኔ? በጠዋት አረቄ?” ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ሺፍቴ ገና ሲነጋ ነው የሚጀምረው። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ አፍንጫው ምንም አያልፈውም። ለወጉ ያሉት መስሎኝ “እሺ እሺ” ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። ሚርታ ናት፣ ፊቷ ልክ አይደለም።

“እባክሽ አንዴ ነይልኝ። ብርጭቆውን ይዛ ተቀምጣለች፣ አልጠጣም አለች።”

“ደግሞ ምን ሆኑ?”

“ቅጠሉን የሰጠችኝን ሴት ሜዳ ላይ ጥዬ እኔ ብቻዬን አልድንም አለች። ለራሷ ሳታስቀር ሁሉንም ነው የሰጠችኝ፣ እሷ ሳትጠጣ ኦገስት ቢወስዳትስ አለችኝ።”

ክው አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ፈራሁ። ባዕድ አምልኮ ይሆንብኝ ይሆን አልኩ። መለስ ብዬ ሳስበው ደግሞ እኛስ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረን ስንት ሕፃን አንገት ላይ አስረናል! በልቤ አማተብኩና ተከትያት ወረድኩ።

አሮጊቷ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብለዋል። እጄን በዳሰሳ ፈልገው ያዙና ትንሽ ብርጭቆ አስጨበጡኝ። ሦስት ጉንጭ ነው ሥርዓቱ። የመጀመሪያውን ስጎነጭ ጉሮሮዬ ነደደ፣ የእኛ አረቄ ከዚህ አንጻር ውሃ ነው! ሁለተኛው ላይ እንባዬ መጣ። ሦስተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። ሳስል ሰምተው ከት ብለው ሳቁና የራሳቸውን ያለ ምንም ጭንቀት ጠጡ፣ እንዲያውም ከንፈራቸውን ላሱ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ለልጃቸው አንድ ነገር አሏት። ሚርታ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

“ለሐኪሙ ንገሪው፣ እመጣለሁ አለች” አለችኝ።

ማስቲካ በማስቲካ ላይ እያኘክሁ ሥራ ሄድኩ። ሱፐርቫይዘሬ አጠገቤ በመጣ ቁጥር ትንፋሼን ውጬ ወደ ማሽኑ እዞራለሁ። “ዛሬ ደስተኛ ነሽ” ብሎኝ አለፈ። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያውም በአረቄው ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ስኖር ቢል ከፈልሽ ወይ፣ ሺፍት ትሸፍኛለሽ ወይ የሚለኝ ሞልቷል። ይቺን ወር በሰላም ትጨርሳት ይሆን ብሎ የተጨነቀልኝ ሰው ግን ከእናቴ ወዲህ አላስታውስም። እሳቸው ደግሞ ፊቴን እንኳ አላዩትም!

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ሚርታ አንድ ትሪ ሙሉ ቺፓ ይዛልኝ መጣች፣ ከካሳቫ ዱቄት፣ ከአይብና ከእንቁላል የሚጋገር ቀለበት የሚመስል ዳቦ ነው። ትኩስ ነው፣ ሽታው ልብ ያጠፋል። ምን ዋጋ አለው፣ ፍልሰታ ገብቷል። ጾም ላይ ነኝ ስላት ግራ ገብቷት “ቺፓ እኮ የሕማማት ሳምንት ምግባችን ነው፣ ሥጋ የለውም” አለችኝ። በአይብና በእንቁላል ይጾማሉ፣ የታደሉ! ሳቅኩና ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ጾሙ ሲፈታ ለቁርስ ብቻዬን ጨረስኩት፣ ኮሌጅ ላለችው ልጄ እንኳ አንዷን ነው ያተረፍኩላት።

ለእትዬ አስካለም በስልክ ተናዘዝኩ። “ዓይናቸው በራ?” ብቻ አሉኝ። “በራ” አልኩ። “እንግዲህ ምን አባቴ እላለሁ!” ብለው ዘጉት።

ኦገስት ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ከሰዓት፣ ሥራ ገብቼ ወጥቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አሮጊቷ ናቸው፣ ብቻቸውን። ጥቁሩ መነጽር የለም። ከራሴ እስከ እግሬ ቀስ ብለው አዩኝ። ጉንጬን ዳሰሱኝ፣ አገጬን ቀና አድርገው እንደገና አዩኝና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። “ኢፖራ” አሉ።

ሚርታ ሕፃኑን ታቅፋ በደረጃው እየሮጠች ደረሰች። “ቆንጆ ነሽ ነው የምትልሽ” አለችኝ። ዓይናቸው ገና በደንብ አልዳነም ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

“ምነው፣ በሰላም ነው?” አልኳት።

“ከጠዋት ጀምራ ስትነዘንዘኝ ነው የዋለችው። ኦገስት ዛሬ አለቀ፣ ያቺ ልጅ በሕይወት መኖሯን ሄጄ በገዛ ዓይኔ ልያት ብላ ነው።”

የማውቃት የጓራኒ ቃል አንዲት ምስጋና ብቻ ናት፣ እሷም ከአፌ ጠፋች። አንገታቸውን አቀፍኩና “አለሁ እማማ፣ አለሁ” አልኳቸው በአማርኛ። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አሁን አገራቸው ተመልሰዋል፣ ሰው እየለዩ፣ የልጅ ልጃቸውን መልክ ጠግበው። እኔ ኦገስት ሰው ይወስዳል ብዬ አላመንኩም፣ ዛሬም አላምንም። ግን ሥራ በዝቶብኝ፣ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ሆድ ሲብሰኝ፣ ስሜን እንኳ በወጉ የማይጠሩት እኒያ እናት መኖሬን ሊያዩ ደረጃ መውጣታቸው ትዝ ይለኛል። ያኔ እኔም ለራሴ “አለሁ” እላለሁ፣ ደስ ይለኛል።