የማይመታው መሣሪያ

ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ አርሲ ነገሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሞተሩ ሲያስቸግረው አዳማ ድረስ መጥቶ የሚፈልገው እኔን ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የናፍጣ ፖምፓ ብቻዬን ፈትቼ፣ ብቻዬን ገጥሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። ኮፈኑን ሳላስከፍት፣ በድምፁ ብቻ ናፍጣ ከሚረጩት ኖዝሎች የትኛው እንደደከመ እናገራለሁ። ተወራርደውኝ የተሸነፉ መሐንዲሶች አሉ።

ስትሮክ ሲመታኝ ምላሴና እግሬ ዳኑ፤ ቀኝ እጄ ግን እንደተጨበጠ ቀረ። ጥፍሬ መዳፌን ይወጋዋል። ካቻቢቴ መያዝ ካልቻልኩ ምን ቀረኝ?

ሴት ልጄ ፊዚዮቴራፒ ወሰደችኝ። ባለሙያው ክንዴን ጄል ቀብቶ፣ በአየር ግፊት የሚመታ፣ ሽጉጥ የሚመስል መሣሪያ ደገነበት።

«ሾክዌቭ ይባላል፤ የደነደነውን ጡንቻ ያላላል። እርስዎ ደግሞ ቤት ውስጥ ጣትዎን መዘርጋት አይተዉ» አለኝ።

ጠጠጠጠ አለ፤ እንደ ጤነኛ ሞተር። በማግስቱ አውራ ጣቴ ላላ አለ። አለቀስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር አይመታም። አየር ያሾልካል።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ አይሱዙ አይደለም!»

ልጄም አብራው ሳቀች። «አባዬ፣ ጆሮዎም ደከም ብሏል መሰለኝ» አለችኝ።

አመንኳት። በሽታው ጆሮዬንም ወሰደው ብዬ፣ ሊያማክሩኝ የመጡትን ሹፌሮች ከበር መለስኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን አላስቻለኝም። «እስቲ ደህነኛው ግራ እጄ ላይ ሞክረው» አልኩት። ትንኝ ያረፈችብኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ባለሙያው አቀረቀረ።

«ማሸጊያ ጎማው አልቋል፤ ከአዲስ አበባ እየጠበቅን ነው። ልጅዎ ታውቃለች።»

«ካወቁ ልምምዱንም ይተዉታል ብዬ ነው፣ አባዬ። ተስፋ እንዳይቆርጡ» አለች ልጄ።

«ተስፋዬን ለማትረፍ ጆሮዬን ገደልሽው?»

ስንት ሹፌር፣ ስንት ደላላ ሊያታልለኝ ሞክሮ አልቻለም። የወለድኳት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አታለለችኝ።

ጎማው ከመጣ ወዲህ የሠራሁትን ልጻፍ። መሣሪያው ክንዴን ከመንካቱ በፊት ድምፁን እኔ እንድሰማና እንድፈቅድ ከባለሙያው ጋር ተስማማሁ። አውራ ጣቴንና ሁለት ጣቶቼን ዘረጋሁ። የቀኝ እጄን ጥፍር ራሴ ቆረጥኩ። ካቻቢቴ ይዤ አንድ ብሎን ፈታሁ፤ መልሶ ማጥበቁ ገና ነው። በራፌ ላይ የቆመን መኪና ሰምቼ «ሦስተኛው ኖዝል» አልኩ፤ ፈቱት፣ ሦስተኛው ሆነ። ክሊኒክም በባጃጅ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ልጄ አብራኝ ልትሄድ ልብሷን ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ነበር።