ዛፍ ላይ የቀባሁት ነጭ ቀለም

ባለፈው ሐሙስ... ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ እየወረደብን ከዘንገና ወደ አዘና በእግር እንሄዳለን። እኔ ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ።

እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጣ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ነው። እኔ ደግሞ በዲግሪዬ ሥራ ሳጣ «የእግር ጉዞ መስመር እከፍታለሁ» ብዬ ሁለት ዓመት የተንከራተትኩ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ያኔ ከመንገዱ ዳር ያሉ ዛፎችን ነጭ ቀለም እየቀባሁ ምልክት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሰውዬው መስመሩን ከወደደው ከመስከረም ጀምሮ ተጓዥ ይልክልኛል። ካልወደደው... ተመልሼ እናቴ ቤት መጎለት ነው።

«በክረምት ምን አስቸኮለህ?» ብዬ ብጠይቀው «በዝናብ የሚያስኬድ መንገድ በበጋ አያስቸግርም» አለኝ።

ጥርባ የሚባለውን ቦታ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ምልክቴ ጠፋ። ምልክቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ... ዛፉም የለም። ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ተጨፍጭፎ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። በየት እንደምንታጠፍ ግራ ገባኝ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል።

«መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ እንግዳው።

«እንዴ፣ በደንብ ነዋ!» አልኩት። ውሸቴን ነው።

አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው አይተውን ኖሮ በአውኛ ጠሩን። እሳት አነደዱልን፣ ትኩስ ቅቅል ድንች አቀረቡልን። እሳቸው አማርኛ ብዙም አይደፍሩም፣ እንግዳው ደግሞ አውኛ አይሰማም። ወሬው የእኔና የእሳቸው ብቻ ሆነ።

«እናቴ፣ እዚህ የነበረው ዛፍ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የእኔ ነበር ልጄ። ጎረቤቴ የራሱን ለከሰል ነጋዴ ሸጠ። ነጋዴው የገዛውን ለመለየት ዳር ዳሩን ነጭ ቀለም ይቀባል። የእኔም ዛፍ ላይ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶበት ነበር። ቆራጮቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው... ቀለሙን ሲያዩ የተሸጠ መስሏቸው ጨረሱት። ጠበል ሄጄ ስመለስ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ።»

ያነሳሁትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩት።

«ገና ለጋ ነበር። ልጄን ኮሌጅ ላስገባበት ነበር ያቆየሁት። አሁን እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሻይ ቤት ተቀጥራለች።»

እንግዳው «ምን እያሉህ ነው?» አለኝ።

«ዝናቡ እስኪያባራ አረፍ በሉ እያሉን ነው» አልኩት። በቁሜ ሞትኩ።

ሴትዮዋ ቀጠሉ። «አንተ የከተማ ሰው ነህ። እንደው ቀለሙን የቀባውን ሰው ታውቀው ይሆን?»

«አላውቀውም» አልኳቸው። እግዜር እያየኝ።

«ካገኘኸው፣ አልተቀየመችህም በለው። ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ሄዶ ለልጄ ይንገርልኝ። እኔ ሸጬ የበላሁት መስሏት አኩርፋኛለች... ለፋሲካ እንኳን አልመጣችም።»

ዝናቡ ሳያባራ ተነሥተን ወጣን። መንገዱን ያሳዩን ራሳቸው ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ ዝናብ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን።

አዘና ስንገባ እንግዳው ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ሆኖ ይስቃል። «ወድጄዋለሁ! ሕዝቡ ራሱ እንዴት ደግ ነው! ምልክቱን እንደ አዲስ ቅባና ለመስከረም አዘጋጅልኝ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስጠብቅ ነበር። እንኳን ልደሰት፣ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ትናንት ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷን ወዲያው ለየኋት፤ ቁርጥ እናቷን ናት። ሻዩን አስቀምጣልኝ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ... «ምንም» ብዬ፣ ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቀለሙን ግን ገዝቻለሁ።