ደወል የነበረው ቸርኬ

መርሳ ላይ ጎማ ሠሪ ከተባለ እኔ ነኝ፤ ሌላው ነፊ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች በፒክአፕ የታንክ ቸርኬ አምጥተው "ጎማ አልብስልን፤ አሮጌ ታንክ እያደስን ነው" አሉኝ። ሌላው ቢሆን "አልችልም" ይል ነበር። እኔ "አውርዱት!" አልኩ። ዝገቱን ስፍቀው በድንጋይ የተጫረ ስም ወጣ፤ የኔው ስም! ትምህርት ቤት ትቼው የወጣሁት ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው፣ ወላሂ።

ጎማ ሳሞቅ ደግሞ ሽታው የተማርኩባት ግራና ወሰደኝ። ልጆች ሆነን፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ይማም፣ የድሮ ታንከኛ፣ ይሄንኑ ቸርኬ ደወል ሊያደርጉት ጎማውን ሲያቃጥሉ ከበናቸው ነበር። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል።

"ጋሼ፣ ለምን ያቃጥሉታል?" አልኳቸው።

"ጎማ ለብሶ አይጮህማ! አንተ እንደሆን ቢጮህም አትመጣም!"

ልጆቹ ሳቁብኝ። እሳቸው ግን እሳቱን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታንክም እንዲሁ ነው ልጄ። ጎማው ያለቀ ለት ከሩቅ ይጮሃል፤ ሰው ልጁን ይዞ ይሸሻል። የታደሰ ለት ግን የምትሰማው ደጅህ ሲደርስ ነው።"

አሁን ሰዎቹን "ታዲያ የግራና ልጆች በምን ይጠሩ?" አልኳቸው።

ተያዩ። "ለጊዜው አይጠሩም" አለኝ አንዱ።

ቸርኬውን በመዶሻ አንዴ መታሁት። ጮኸ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ሰውየው እጁን ጫነበትና ድምፁ ቆመ።

"ማታ እንወስደዋለን" አለ። ጎማው እሳቱ ላይ እየለሰለሰ ነው።