የእትዬ በላይነሽ የመጨረሻ መስመር

አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ፣ በእኛ እድር፣ ሰው ሲሞት ሥራው ለሁለት ይከፈላል። እኔ ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ፈቀደ ሟቹን ያጸድቃል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት የጻፈው እሱ ነው። ሟቹ ሰካራምም ይሁን ምቀኛ፣ ፈቀደ ብዕር ካነሳ «ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሰው ተግባቢ» ሆኖ ይቀበራል። በእሱ ወረቀት ከሄድን ኮልፌ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው ኖሮ አያውቅም።

«አንተ እኮ ደራሲ ነህ» ስለው ይቆጣል።

«ተው እንጂ! ደራሲ ማለት መጽሐፍ ያለው ነው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጡረተኛ ነኝ።»

ቀብር ላይ «ማን ጻፈው?» ሲሉት እንኳ «ቤተሰቡ ነው ያዘጋጀው» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ይከታል። ውሸታም! አልጋው ሥር ስድስት ደብተር ሙሉ የራሱ ድርሰት እንዳለ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አምና ጠላ ሻጯ እትዬ በላይነሽ በጠና ታመሙና ሁለታችንንም አስጠሩን። «የእኔን አሁኑኑ ጻፍልኝ፤ ሰምቼው ልሙት» አሉት። በሦስተኛው ቀን ጽፎ አመጣና አነበበላቸው። ደግ፣ ትሑት፣ ታጋሽ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? ሁለት ባል በዚህ በር ያባረርኩት በትዕግሥት ነው? ሂድና እኔን ጻፈኝ!»

ጻፋቸው። ባሎቻቸውን፣ ውሃ የበዛበትን ጠላቸውን፣ ሰካራሙን መቶ አለቃ በማማሰያ እስከ ፌርማታው ማሳደዳቸውን ጻፈ። ልጃቸው የሞተ ለት ጠላውን ሁሉ ደፍተው አርባ ቀን ሰው አለማናገራቸውንም ጻፈ። ሲሰሙት ሳቁ፤ ቀጥለው አለቀሱ። ከዚያ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አስጨመሩት፦ «ይህን የጻፈው ደራሲ ፈቀደ ነው።»

«ይቺንስ አላነባትም፣ እትዬ።»

«ካላነበብካት ከሣጥኔ እነሳለሁ። ታውቀኛለህ።»

ሚያዝያ ላይ ሞቱ። ጥሩምባዬን ነፋሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣጥኑን በእድሩ አግዳሚ ላይ አሳረፍነው፤ ያ አግዳሚ አንዱ እግሩ አጭር ነው። ፈቀደ ማንበብ ሲጀምር ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ማማሰያው ላይ ሲደርስ፣ ከተባረሩት ባሎች አንዱ የሆኑት ጋሽ ሀብተማርያም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቄሱ ራሳቸው አቀረቀሩ። ልጁ ላይ ሲደርስ ግን ለይሉኝታ የመጣው ሁሉ ከልቡ አለቀሰ።

የመጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ሳያነባት ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ወዳጄ ነው፣ ግን በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር አግዳሚውን በጉልበቴ ነካ አደረግኩት።

ሣጥኑ ቋ አለ።

«ይህን የጻፈው ደራሲ ፈቀደ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። «አነበብኩ፣ እትዬ! አነበብኩ!»

አሁን ሥራህ ምንድነው ሲሉት «ደራሲ» ይላል፤ ካለ በኋላ ግን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ስለ ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።