በሱፐር ግሉ የዘጋሁት ቁስል

መጀመሪያ እምቢ ያለኝ አፌ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ የጎረስኩትን እንጀራ ማላመጥ አቃተኝ። መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር ደርቆ በጥርሶቼ መሀል ጣት ማስገባት እንኳ ከበደኝ። የጥርስ ሕመም መስሎኝ ቅርንፉድ በጉንጬ ይዤ ዋልኩ። ማታ አንገቴ ደነደነ። ረቡዕ የጠጣሁት ውኃ በአፍንጫዬ ተመለሰ።

ስምንት ቀን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር አንድ የጃፓን እንግዳዬ የላከልኝን የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ሮቦት እገጣጥም ነበር። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አያልፍም፤ የፕላስቲክ ቁርጥራጮቹ ከፍሬማቸው በስለት እየተቆረጡ አንዱ ባንዱ ላይ ይሰካሉ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። «በሠላሳ ዓመትህ አሻንጉሊት!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ግን የሮቦቱን ክንድ ወደ ላይ አንሥተው ትተውት አግኝቼዋለሁ።

ጨርሼ ሳቆመው አዲስነቱ አስጠላኝ። ፎቶ ላይ ከጦር ሜዳ የተመለሰ እንዲመስል ፈለግሁ። ከብት ከሚያልፍበት መንገድ አፈር ዘግኜ፣ እበቱንም ሳልለይ፣ በኮላ ለውሼ እግሩንና ደረቱን ቀባሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ገደል አፋፍ ላይ አቆምኩትና በሆዴ ተኝቼ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። ክንዱ አልታጠፍ አለኝ። መገጣጠሚያውን በስለቱ ጫፍ ስፈለቅቅ አምልጦኝ ግራ አውራ ጣቴ ሥር ዘለቀ። ደሙ ሮቦቱን እንዳያበላሽብኝ ቸኮልኩ። ኪሴ ውስጥ ሱፐር ግሉ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ቁስላቸውን ሲያጣብቁበት ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፤ እኔም ግራና ቀኙን ገጥሜ አጣበቅሁት። ሳላጥበው። አፈር በለወስኩበት እጄ። በሁለተኛው ቀን ቆዳዬ ገጥሞ ቁስል መኖሩም አይታወቅም ነበር። ፎቶው ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ያምር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፊቴ ተወጠረ። ከንፈሬ ወደ ጆሮዎቼ ተጎትቶ ጥርሴ ወጣ። አባቴ ራስጌዬ ቆመው ዳዊት ይደግሙልኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይስቃል» አሉ። «በዳዊቱ ላይ ይስቃል!»

አልሳቅሁም። በሽታው ፊትን እንዲህ ያደርጋል። አእምሮዬ ግን እንደ ወትሮው ነበር፤ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉንም አያለሁ። አስጎብኚነት ስሠለጥን የመጀመሪያ ርዳታ ተምሬ ነበርና ያኔ ገባኝ። ቁስሉ ነው። መናገር አልቻልኩም። አውራ ጣቴን አንሥቼ ወደ አባቴ ዘረጋሁ። እዩልኝ ማለቴ ነበር። ከጣቴ ማዶ፣ መስኮቱ ላይ፣ ሮቦቱ ቆሟል። አባቴ ጣቴን ተከትለው ዞሩ። ሮቦቱን አዩ።

መቋሚያቸውን አነሡ።

የመጀመሪያው ምት የሮቦቱን ራስ በጠሰው። ድምፁ ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ጡንቻዬ ሁሉ ባንዴ ተኮማተረ። በተረከዜና በማጅራቴ ብቻ አልጋውን ነክቼ እንደ ደጋን ተቆለመምኩ። አየር አጣሁ። አባቴ ይህን አይተው «ጋኔኑን ነካነው! ተያዘ!» ብለው ደግመው መቱት። ፕላስቲኩ ሲሰበር እኔ እንቆለመማለሁ። እኔ ስቆለመም እሳቸው ይመታሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ምላሴን ነከስኩ። ደሜ አንገቴ ላይ ወረደ።

ሁለት ጎረቤቶች በመጫኛ አሰሩኝ። በባጃጅ ከከተማው ወጣ ወዳለ ጠበል ወሰዱኝ። መንገዱ ድንጋያማ ነው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር መኮማተሩ ያዘኝ። ጠበሉ ቀዝቃዛ ነበር። መጀመሪያ ፊቴ ላይ ነው ያፈሰሱብኝ። ከወገቤ በላይ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። በኋላ በራጅ አከርካሪዬ ላይ ስንጥቅ ታየ። በሁለተኛው ጆግ ትንፋሼ ቆመ። ሰማዩ ጠቆረብኝ። እዚህ ልሞት ነው አልኩ፤ ሕመሜን እያወቅሁ፣ አባቴ እጅ ላይ። ፈራሁ። ከፍርሃቱ በላይ ተናደድኩ።

ያዳኑኝ በጠበሉ የሚያጠምቁት አባ ናቸው።

«ቆዩ! ውኃውን አቁሙ» አሉ። ጎንበስ ብለው መንጋጋዬን በሁለት ጣት ሞከሩት። «አንቱ መሪጌታ፣ ጋኔን ያለበት ይጮኻል፣ ይለፈልፋል። የዚህ ልጅ አፉ መች ተከፈተ? አህያችን ሚስማር ረግጣ ልክ እንዲህ ደርቃ ነው የሞተችብን። ጠበሉ የትም አይሄድ። ሐኪም ቤት አድርሱት።»

አባቴ አባን አልተከራከሩም። መጫኛውን ራሳቸው ፈቱት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቁስል አለው?» አለች። አባቴ «የለበትም፣ የኔ ልጅ» አሉ። አላመነቻቸውም። እግሬን፣ ከዚያ እጄን ገልብጣ አየች። አውራ ጣቴ ሥር ያብለጨለጨውን ቆዳ በስለት ቀደደችው። ጥቁር አፈር ከመግል ጋር ወጣ።

«ቴታነስ ነው። መንጋጋ ቆልፍ» አለች። «መብራት አጥፉ። ማንም ሳያስፈልግ እንዳይነካው። ማንም እንዳይናገር።»

«ይተርፋል?» አሉ አባቴ።

«አልዋሽዎትም አባባ። ትንፋሹ ከዘለቀ ይተርፋል።»

መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቶክሲን ወጉኝ። ለተሐዋሲው ሜትሮኒዳዞል፣ ለመኮማተሩ ዳያዜፓምና ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጡኝ። ምግብ በአፍንጫዬ በገባ ቱቦ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር ተቆለመምኩ።

ከዚያ በኋላ መኮማተሩ እየራቀ፣ ዓይኔም ጨለማውን እየለመደ ሲመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ልብ አልኩ፤ አባቴ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ይገቡ ነበር፣ ድምፃቸው በማኅሌት ከጥግ እስከ ጥግ የሚሰማ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እግሬ ሥር ተቀመጡ። መንጋጋዬ ለማንኪያ ያህል ሲከፈት መጀመሪያ የተናገርኩት ለእሳቸው ነው።

«ጣቴን እያሳየሁዎት ነበር።»

«እኔ አሻንጉሊቱን አየሁ» አሉ። «አንተን አላየሁም። ይቅር በለኝ።»

ወዲያው ይቅር አላልኩም፤ ብያለሁ ብል ውሸት ነው። ቁጣዬ የለቀቀኝ ቀስ እያለ፣ ከጡንቻዬ ጋር አብሮ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚያሠራኝ ባለሙያ ጣቶቼን በጥቃቅን ነገር እንዳለማምድ ሲነግረኝ አባቴ ስብርባሪውን በፌስታል ይዘው መጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው አልጋዬ ጫፍ ተቀመጡና የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚገጥም እየጠየቁ ሲያቀብሉኝ ሰነበቱ። ግማሹ አልገጠመም። የገጠመውን ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ አሁን አፈር መቀባት አላስፈለገውም።

ይህን የጻፍኩት በስለት፣ በእሾህ፣ በሚስማር ለሚወጉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ቁስል ሲያገኛችሁ በሳሙናና በውኃ እጠቡት። በማጣበቂያም፣ በአመድም፣ በሌላም ነገር አትድፈኑት፤ ይህ ተሐዋሲ የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው። ከዚያ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ክትባት ጠይቁ። አንዴ መታመም ደግሞ ከሁለተኛው አያድንም፤ እኔ ራሴ ድኜ ስወጣ ተከትቤያለሁ። ለዚያች ሐኪምና ለአባ ምስጋናዬ እስክሞት አያልቅም።

አባቴ አሁንም ጠበል ይሄዳሉ። ታስሮ የመጣ ሰው ካለ ግን ጸሎቱ ሳይጀመር ተንበርክከው እጁንና እግሩን ያገላብጣሉ። በቅርቡ ከፍላቂት በኩል አንዲት ገብስ ስታጭድ የታመመች ሴት ታስራ መጣች። ተረከዟ ውስጥ የተሰበረ እሾህ አገኙ። «ፍቱልኝ!» ብለው ጮኹ፤ እስከ ሆስፒታሉም አብረው ሄዱ። በአራተኛው ሳምንት ባሏ ለአባቴ ደወለና ስልኩን ለእሷ ሰጣት። «እንደምን ዋሉ መሪጌታ?» አለች፤ ቃሉ ከአፏ እየተጎተተ። አባቴ «አፏ ተከፈተ!» ብለው ስልኩን ዘረጉልኝ። ተቀብዬ እኔ መለስኩላት።