ደወሉን ያልተጫነችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋን የሚጥል በሽታ ከያዛት ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ሲጥላት ያየ ሰው ግን የለም። ሊጥላት ሲል የሚመጣው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ድንገት አፍንጫዋን ሲመታት “ክር አለቀብኝ፣ መጣሁ” ትልና ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። መቀርቀሪያውን ትወረውራለች፣ ተሸፋፍና ትተኛለች። ስትነቃ ምላሷን ነክሳ፣ ቀሚሷ ርሶ፣ ብቻዋን ናት። ደንበኞቿ “አንቺ ክሩን ትበይዋለሽ እንዴ?” እያሉ ይስቃሉ።

ኪኒኑ እምቢ ሲል ሆስፒታል ሄደች። ኤምአርአዩ አንጎሏ ላይ ሁለት የሚያጠራጥሩ ቦታዎች አሳየ። ቀዶ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራት፦ “ከሁለቱ የትኛው እንደሚጥልዎት ሳላውቅ ምላጭ አላነሳም።” እሷም ሳትለካ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅምና ገባት።

ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ያዘች፤ በሽታው እንዲመጣም ኪኒኗ ተቀነሰ። የታሰበው እንዲህ ነበር፦ ሽታው ሲመጣ አልጋዋ አጠገብ ያለውን ደወል ትጫናለች፤ ነርሷ ሮጣ መርፌ ትወጋታለች፤ መድኃኒቱ በዚያች ቅጽበት ደም ወደሚጎርፍበት የአንጎል ክፍል ሄዶ ይቀመጣል፤ የምርመራ መሣሪያ ምስሉን ያነሳዋል። ከዘገየ ግን ከንቱ ነው። መርፌው የሚዘጋጅላት ለሦስት ቀን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽታው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ሳበች። በሁለተኛውም እንደዚያው።

“እትዬ፣ ክፍልዎ ውስጥ ባለው ካሜራ የማየው እኮ የብርድ ልብስ ክምር ነው!” አለች ነርሷ።

“እጄ ነው ሲስተር፤ ለምዶበት።”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ነገ ካመለጠን ወደ ቤትዎ ነው፣ ወደዚያው ኪኒንዎ።”

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን አጥፋ ለነርሷ ሰጠቻት። አምስት ሰዓት ላይ ሽታው መጣ። እጇ ደረቷን ዳበሰ፤ የሚስበው አጣ። ያኔ ደወሉን ተጫነች። “ሲስተር! መጣብኝ!” ብላም ጮኸች።

ስትነቃ የሰው እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር።

“ደረስኩልዎት” አለች ነርሷ። “ተወግተዋል።”

“ሲጥለኝ ምን እመስላለሁ?”

“ከንፈርዎን ይመጥጣሉ፣ ቀኝ እጅዎ አንሶላውን ይለቃቅማል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣሉ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምን ፈለጉ?”

በማግስቱ ምስሉ ላይ የበራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ። ሐኪሙም የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆረጠላት። ነርሷ ቅጹን ይዛ መጣች።

“አስታማሚ ማን ብዬ ልጻፍ?”

“ወንድም አለኝ፤ ግን መታመሜን አያውቅም።” ልብስ ሰፊዋ የአንሶላውን ጠርዝ ስታስተካክል ቆየች። “ሲስተር፣ ያን ቀን ተረኛ ነሽ?”