ከወንዙ ዳር የተገዛ ጎመን

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማቅለሚያ ክፍል በምሠራበት ዘመን የሠራተኞች ክበባችን ምግብ ሲታማ ነበር የሚውለው። ጎመን፣ ድንች፣ ደግሞ ጎመን። የጾሙን ወራትማ ተዉት። "ጎመን በጤና" እየተባባልን በሳቅ እንውጠው ነበር።

ነገሩ የሥራ አስኪያጃችን ሕግ ነው። የክበቡ አትክልት በሙሉ የሚገዛው የፋብሪካው ፍሳሽ ተጣርቶ ወንዙ ከሚገባበት ዝቅ ብለው፣ ወንዙን እየጠለፉ ከሚያለሙ ገበሬዎች ነበር። ሥራ አስኪያጁም ከእኛው ጋር ተሰልፈው ያንኑ ይበላሉ። ለምን እንደሆነ በስብሰባ ሲያብራሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የቀለም በርሜል የሚያጥብ ሰው ግን ሳይነገረው ይገባው ነበር። ጎመኑን በአህያ ጭነው የሚያመጡልን አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን በዚያች ቁራጭ ማሳ ያሳደጉ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

አንድ የገና ጾም፣ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ሣሩን በሚያነጣበት ሰሞን፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ፓምፕ ተቃጠለ። ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ኩሬም አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በዚያው ሳምንት ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን መጠለያ ለገቡ ሰዎች የታዘዘ ብርድ ልብስ ማድረስ ነበረብን። የፈረቃ ኃላፊው፣ "ፓምፑ እስኪጠገን ወደ ወንዙ እንልቀቀው፤ ሰው በብርድ እያለቀ ነው" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያደረበት ያውቀዋል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"የእማማ ማሳስ? እሳቸውን ደግሞ ማን ሊረዳቸው ነው?" አልኩት።

ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሁለታችንንም ሰሙ። ከዚያ ያልተነከረውን የሱፍ ክር ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ለመሆኑ የሚያሞቀው ቀለሙ ነው?" አሉ። ደውለው ያዘዘውን ድርጅት አስፈቀዱ። ብርድ ልብሱ ሳይቀለም፣ በበጉ መልክ፣ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ወጣ። እኛ ቀላሚዎቹም ሥራ ፈትተን አልተቀመጥንም፤ ጠርዝ ስንሰፋ ሰነበትን። እንደዚያ ሳምንት በሥራዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔ አሁንም የምሠራበት ፋብሪካም ባለቤት ቀይሯል። ምሳ ከውጭ በመኪና ይመጣልናል፤ ሥጋም አለበት፣ አልዋሽም፣ ይጣፍጣል። በሩ ላይ "አካባቢያችንን እንጠብቃለን" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ያኔ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አልነበረንም። ያ ክበብ ግን ይናፍቀኛል፤ ስናማው የነበረው ጎመን ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ እማማን አገኘኋቸው። አገላብጠው ሳሙኝ።

"ዘንድሮ ማሳው እንዴት ነው እማማ?" አልኳቸው።

"ውሃው አልበጅ ብሎኝ ተውኩት ልጄ" አሉኝ። ከዚያ አጠገባችን ወዳለችው አትክልት ሻጭ ዞር ብለው፣ አንድ እስር ጎመን አንስተው ዋጋውን ጠየቁ።